የገና ካርድ ብድር



በእንግሊዝ አገር የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች አንድ ዓይነት ደብተር ይሸጣል። ስምና አድራሻ የሚመዘገብበት ነው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለየዓመቱ ሁለት ሁለት ጠባብ ዓምድ ተሰምሮለታል፤ ለሰውየው የገና ካርድ ከተላከ በመጀመሪያው ዓምድ ራይት ይደረጋል፣ ከሰውየው ካርድ ከመጣ ደግሞ በሁለተኛው። ዲሴምበር ሲገባ ደብተሩ ከመሳቢያ ይወጣና ያለፉት ዓመታት ራይቶች ይታያሉ። ሁለት ዓመት ተልኮለት ሁለቱንም ዓመት ዝም ያለ ሰው ስሙ ላይ እስክሪብቶ ሊያርፍ ይችላል። አንዱ ቤት በአንድ ዓመት ዝምታ ይሰርዛል፤ ሌላው አምስት ዓመት ይታገሣል፤ የሰውየውን ሞት እስኪሰሙ ድረስ ማንንም የማይሰርዙም አሉ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደብተር ለገበያ ቢወጣ የሚገዛው ያለ አይመስለኝም። ሒሳቡን ግን በቃላችን እንይዘዋለን። ለቅሶ ማን እንደደረሰና ማን እንደቀረ ሐዘንተኛው መዝገብ ሳያገላብጥ ያውቀዋል፤ የቀረው ሰው ቤት ሐዘን በገባ ጊዜም ብድሩ ይታሰባል። የፈረንጆቹ የገና ካርድ የዚህ ዓይነት ብድር ነው። ይህን ካልያዝን ልማዳቸው ሁሉ ግራ የሚያጋባ ሆኖ ይቀራል። አንዱ መቶ ካርድ ይልካል፣ አንዱ አምስት። አንዱ ስሙን ብቻ ፈርሞ ያሽጋል፣ አንዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ያትታል። አንዱ ኖቬምበር ሳያልቅ ጨርሶ ያርፋል፣ ሌላው የበዓሉ ዋዜማ ላይ ቴምብር ፍለጋ ይሯሯጣል። ይህን ልዩነት ሰው ሁሉ የፍቅር መብዛትና ማነስ አድርጎ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰዎቹ የሚለያዩት ብድሩን በሚቆጥሩበት መንገድ ነው፤ አቆጣጠራቸውን ደግሞ የቴምብር ዋጋና የቤት ውስጥ ሥራ ክፍፍል ይወስኑታል ባይ ነኝ።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ዘመኑን የምጠራው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እስከ 1840 ድረስ በብሪታንያ የደብዳቤ ሒሳብ የሚተመነው በመንገዱ ርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነበር። ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። ድኻ አባት ከልጁ የመጣለትን ደብዳቤ በፖስተኛው እጅ እያየ፣ የሚከፍለው ስላጣ ብቻ መልሶ ይሰድደው ነበር። ሮላንድ ሂል የተባለው ሰው ያቀረበው ለውጥ ይህን ገለበጠው። በ1840 ከግማሽ አውንስ የማይበልጥ ደብዳቤ በአገሪቱ ውስጥ የትም ቢሄድ ላኪው አንድ ፔኒ እንዲከፍልበት ተደረገ። ደብዳቤ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ደብዳቤ ሲበዛም መልስ የሚጠብቅ ሰው በዛ፤ በጨዋ ቤት ደግሞ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነበር።

በፔኒ ፖስታው ሥራ ከሂል ጋር ከደከሙት አንዱ ሄንሪ ኮል ነው፤ በኋላ ዛሬ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚባለውን ተቋም በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የመራው እሱ ነው። ሥራው ብዙ፣ ወዳጁም ብዙ ነበር። በ1843 ገና ሲቃረብ የመልካም ምኞት ደብዳቤውን ሁሉ በእጁ ጽፎ መጨረስ እንደማይችል ስላወቀ ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ሥዕል አሠራው። መካከሉ ላይ ሦስት ትውልድ የሆነ ቤተሰብ ማዕድ ከብቦ ጽዋ አንሥቷል። በአንዱ ጎን የተራበ ሲበላ፣ በሌላው ጎን የታረዘ ሲለብስ ይታያል። ሥዕሉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ወይን ስትጠጣ በመታየቷ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ተቆጥተው ነበር። እኔን የሚማርከኝ ግን ሥዕሉ ሳይሆን ከላይና ከታች የተተዉት ሁለት ክፍት ቦታዎች ናቸው። ከላይ «ለ» ይላል፣ ከታች «ከ» ይላል። የተቀረው ታትሞ ያለቀ ነው፤ ላኪው ሁለት ስም ከመሙላት በቀር ሥራ የለበትም።

እንግዲህ ዛሬ «ስሙን ብቻ ፈርሞ ላከብኝ፣ አንድ ቃል እንኳ አልጨመረም» ብሎ የሚቀየም ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ካርድ ከመጀመሪያውም የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ መጻፍ ያልቻለ ሰው ብድሩን በስሙ ብቻ እንዲመልስበት። ስም ብቻ የሚፈርሙ ሰዎች ልማዱን አላበላሹም። እንዲያውም ረጅም ሐተታ የሚጽፉት ናቸው ኋላ የመጡት።

የኮል ካርድ አንድ ሺሊንግ ይሸጥ ነበር። ሺሊንግ ማለት አሥራ ሁለት ፔኒ ነበር፤ በአንድ ካርድ ዋጋ የአሥራ ሁለት ደብዳቤ ቴምብር ይገዛ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ወዲያው አልተስፋፋም። የተስፋፋው የቀለም ኅትመት ሲረክስና በ1870 ግማሽ ፔኒ የሚከፈልበት የፖስት ካርድ ተመን ሲመጣ ነው። በአሜሪካ ከፕረሺያ የተሰደደው ሉዊስ ፕራንግ በቦስተን ማተሚያ ቤቱ ከ1870ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚያማምሩ ቀለማት አትሞ ገበያውን ከፈተ፤ ከጀርመን የሚገባው ርካሽ ካርድ ግን በመጨረሻ ከገበያው አስወጣው። በ1910 ጆይስ ሆል የሚባል ወጣት (ስሙ የሴት ይምሰል እንጂ ወንድ ነው) ሁለት የጫማ ካርቶን ፖስት ካርድ ይዞ ካንሳስ ሲቲ ገባ። ፖስት ካርድ ግን ማንም የሚያነበው ነገር ነው፤ ፖስተኛውም፣ የቤት ሠራተኛዋም። ሰው የግል ነገሩን የሚሸፍንበት ሲፈልግ የሆል ወንድማማቾች ከ1915 ጀምሮ የሚታጠፍና በፖስታ የሚታሸግ ካርድ ማተም ጀመሩ። ዛሬ ሆልማርክ የምንለው ድርጅት የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው።

በ2003 ራስል ሂልና ሮቢን ደንባር የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ተመራማሪዎች የሰው ልጅ ከስንት ሰው ጋር ዝምድናውን ጠብቆ መኖር ይችላል የሚለውን ለመመርመር የገና ካርድን መለኪያ አደረጉ። ምርጫቸው ብልህነት አለበት። «ስንት ወዳጅ አለህ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ያጋንናል። ካርድ ግን ገንዘብ ያስወጣል፣ አድራሻ ይጠይቃል፣ ተቀምጦ መጻፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የማይታወስ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ጥያቄውን የመለሱት 43 ሰዎች ነበሩ። በአማካይ ከአንድ ቤት 68 ካርድ ይወጣል፤ ካርዱ የሚደርስባቸው ቤቶች ነዋሪዎች ሲደመሩ 150 ሰው ገደማ ይሆናሉ። ሩብ ያህሉ ካርድ የሄደው ወደ ዘመድ ሲሆን ይበልጡ ወደ ወዳጅ ነው። 43 ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ብቻ የሰውን ልጅ ሁሉ መፍረድ አይቻልም። ነገር ግን 68 የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ የፊሊፕ ኩንዝ ሙከራ ነው። ኩንዝ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 600 ለሚጠጉ ፈጽሞ ለማያውቃቸው ሰዎች የገና ካርድ ላከ። ሰዎቹ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ እሱም እነሱን አያውቅም። ይህ ሰው ምን መልስ ይጠብቃል ትላላችሁ? ከመቶ በላይ ካርድ ተመለሰለት። አንዳንዶቹ ስማቸውን ብቻ ፈርመው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ጨምረው፣ ገጽ በገጽ ደብዳቤ አያይዘው። ከእነዚህ ሰዎች ጥቂቶቹ ለዓመታት ካርድ መላካቸውን አላቋረጡም። ኩንዝ ይህን ከባልደረባው ጋር በ1976 አሳተመው።

እነዚያ መላሾች ለኩንዝ ፍቅር አልነበራቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም። ፖስታው እጃቸው ሲገባ «ይህን ሰው ረስቼው ይሆናል» ብለው ደነገጡ፤ ደንግጠውም ብድር እንዳይቀርባቸው ብለው መለሱ። የሰው ሰላምታ ሳይመልስ መቅረት የሚከብደው እኛን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በተቃራኒው ደግሞ ከአምስት ሰው አራት ገደማ የሚሆነው፣ ወይም ትንሽ ያነሰው፣ አልመለሰም። እነዚያም ክፉዎች አይደሉም፤ የእነሱ ደብተር የማያውቁትን ሰው ብድር አይቀበልም።

ደብተሩን ማን ይይዘዋል? አብዛኛውን ጊዜ እመቤቲቱ ናት። ሚካኤላ ዲ ሊዮናርዶ የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት በካሊፎርኒያ በሚኖሩ የጣልያን ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች መካከል ባደረገችው ጥናት ላይ ተመሥርታ በ1987 ያሳተመችው ጽሑፍ ይህን በደንብ አሳይቶታል። ለዘመድ ካርድ መምረጥ፣ መጻፍ፣ ስልክ መደወል፣ በዓሉን ማሰናዳት፣ ከማን ጋር መቀራረብ ከማን ጋር መራቅ እንደሚሻል መወሰን፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው ትላለች። ሴቶች ይሠሩታል፤ ማንም ግን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። ሚስት የሞተችበት ወይም የተፋታ ወንድ ቤት ይህ ሥራ ይቆማል። የባልየውን ዘመዶች እንኳ ሳይቀር ስታስታውስ የኖረችው እሷ ነበረችና።

ይህን በካርዱ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል። ከባልና ሚስት የመጣ ካርድ ብትመለከቱ ሁለት ስም አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም ስም በአንድ እጅ ጽሕፈት ነው። የልጆቹም ስም ቀጥሎ በዚያው እጅ ተጽፏል። ፖስታው ላይ ያለው አድራሻም ያው እጅ ነው። ባልየውን ካርዱ የሄደላቸውን ሰዎች ስም ብትጠይቁት ግማሹን ባይነግራችሁ አትደነቁ። እንዲህ ባለው ቤት «የእነ እገሌ ቤተሰብ ዘንድሮ ረሳን» ማለት ትርጉሙ ብዙ ጊዜ «ሚስትየዋ ታማ ነበር» ወይም «ሥራ በዝቶባት ነበር» ነው። ሰው በካርድ ከመቀየሙ በፊት ይህን ቢያጣራ ይሻላል።

ወደ ረጅም ጸሐፊዎቹ እንምጣ። ፎቶ ኮፒ ማንሣት ቀላል ከሆነ ወዲህ ካርዱ ውስጥ ታጥፎ የሚገባ የዓመት ዜና የሚባል ደብዳቤ ተለመደ፤ አሜሪካኖች አብዝተው ይወዱታል። አንድ ደብዳቤ ተባዝቶ ለሁሉም ይላካል። ልጁ ተመረቀ፣ ቤት ቀየርን፣ ጣልያን ሄደን ነበር፣ የአባባ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ደኅና ነው። እንግሊዞች በዚህ ይቀልዳሉ። የጋርዲያን ጋዜጣ አምደኛ የነበረው ሳይመን ሆጋርት አንባቢዎቹ የላኩለትን እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ሰብስቦ በ2004 በመጽሐፍ አወጣቸው፤ የመጽሐፉ ርእስ ፍሪጅ መክፈት ስለምትችል ድመት ነው። ልጆቻቸው ሁሉ አንደኛ የሚወጡ፣ ውሻቸው ሳይቀር የሚሸለም ቤተሰቦችን እያነበቡ መሳቅ ቀላል ነው። እኔም ስቄአለሁ። ሆኖም ጉራው ቢያስቅም ያ ደብዳቤ ከሩቅ ላለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያልሰማውን ወሬ ያደርሳል። ስም ብቻ ያለበት ካርድ ይህን አያደርግም።

የቃሉም ነገር ያጣላል። በ2005 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ቤተ መንግሥት የወጣው ካርድ ገናን በስሙ ሳይጠራ «የበዓላት ወቅት» ብሎ መልካም በመመኘቱ ወግ አጥባቂ ክርስቲያን ደጋፊዎቹ ሳይቀሩ ቅር ተሰኝተው ነበር። ካርዱ የሚሄደው ከአንድ ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው ነበር፤ ከዚያ መካከል አይሁዱም፣ ሙስሊሙም፣ ሃይማኖት የለኝም የሚለውም አለ። ለሁሉም አንድ ካርድ የሚልክ ሰው የሁሉንም በዓል በአንድ ቃል መሸፈን ግድ ይሆንበታል። አንድ በአንድ መርጦ የሚልክ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም።

ብድሩን ከሁሉ አጥርተው የያዙት ግን ጃፓኖች ይመስሉኛል፤ ገና የእነሱ በዓል ስላልሆነ ካርዳቸው የአዲስ ዓመት ነው። ፖስታ ቤቱ በዲሴምበር በጊዜ የተላከውን ያከማችና ጃንዩወሪ 1 ቀን ማለዳ በአንድ ጊዜ ያድለዋል። ሐዘን የገባበት ቤት ዓመቱ ሳያልቅ «ዘንድሮ ሐዘን ላይ ነንና የአዲስ ዓመት ሰላምታ አናቀርብም» የሚል ፖስት ካርድ አስቀድሞ ይልካል፤ የደረሰው ሰው ለዚያ ቤት አይልክም። በዚህ ምክንያት ዝምታ ተተርጉሞ ማንም አይቀየምም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ልማድ መጥቷል። ዕድሜው የገፋ ሰው «ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ካርድ መላክ አቆማለሁ፤ ስለኖረው ወዳጅነታችን አመሰግናለሁ» ብሎ የመጨረሻውን ካርድ ይልካል። ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው፤ በጨዋ ደንብ። በ2003 ለአዲስ ዓመት የታተመው ፖስት ካርድ 4.4 ቢሊዮን ያህል ነበር፤ ለ2025 የታተመው ግን 1 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው።

ማሽቆልቆሉ በሌላውም አገር አለ፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ይከስሳል። ስልክ ድርሻ የለውም አልልም። ግን 68ን አስታውሱ። በብሪታንያ የአንደኛ ደረጃ ቴምብር በ2019 70 ፔንስ ነበር፤ 68 ካርድ በ48 ፓውንድ ገደማ ይላክ ነበር። በ2025 ቴምብሩ 1 ፓውንድ ከ70 ሆነ። ያው 68 ካርድ በዚያ ዓመት ከ115 ፓውንድ በላይ ያስወጣ ነበር፤ የካርዱ ዋጋ ሳይገባበት። ስለዚህ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ቴምብር ይገዛል፤ ይህ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቀድሞ መጻፍ አለበት። ለጎረቤት የሚሆነውን በእግሩ ያደርሳል። የሩቅ ሩቅ የሆነውን ከደብተሩ ይሰርዛል። ቀድሞ የሚልከውንና ዘግይቶ የሚልከውን፣ ብዙ የሚልከውንና ጥቂት የሚልከውን ስናወዳድር ይህን ስሌት እንርሳ ካልን ሰውን ያለ በደሉ እንወቅሳለን። በዴንማርክ ደግሞ የመንግሥት የፖስታ ድርጅቱ በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደሉን ጨርሶ አቆመ። ዴንማርክ በ1904 አይናር ሆልቤል የተባለ የፖስታ ቤት ሠራተኛ የገና ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ የዕርዳታ ምልክት አስጀምሮ፣ ገቢው ለታመሙ ሕፃናት እንዲውል ያደረገባት አገር ናት።

ስለ እኛ ጥቂት ብዬ ልጨርስ። የኢትዮጵያ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894፣ ተቋቁሞ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል። ፖስተኛ ግን ቤታችንን አንኳኩቶ ካርድ የሚያድልበት ልማድ አልነበረንም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ነው። ሣጥን ያለው ደግሞ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴና ጥቂት ግለሰብ ነው። ስለዚህ ካርድ ከቤት ወደ ቤት ሳይሆን ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ኖረ፤ ማኅተም የተደረገበት፣ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ» የሚል ካርድ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በእጅ የተሠራና ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ካርድ የነበረን ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ልጆች አበባና መልአክ ስለው ለጎረቤት ይሰጡና ሳንቲም ይቀበላሉ። ብድሩ እዚያው በር ላይ ይከፈላል፤ ለዓመት አይቀጠርም።

ይህን ንግግር ታትሞ በውጭ አገር የምታነቡ ወገኖች አላችሁ፤ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። በዲሴምበር ከበራችሁ ሥር ከጎረቤት የመጣ ካርድ ስታገኙ ስም ብቻ ቢኖርበትም ዋጋ ስጡት፤ ያ ሰው እናንተን ከዝርዝሩ አስገብቷል። የእኛ ገና በጃንዩወሪ 7 ስለሚውል ከዲሴምበር 25 ብታልፉም አልዘገያችሁም። ካርድ ግዙ፣ «የእኛ ገና ዛሬ ነው» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት፣ ባልም የራሱን ስም በራሱ እጅ ይፈርም፤ ከዚያ ሄዳችሁ በሩ ላይ ስጡት። ቴምብር አያስፈልገውም።